ከበቅሎዎቹ በፊት

ስለ ወንዝ ሲወራ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም። ልጆቼ ይህን አመሌን ያውቃሉ። ሰው ቤት ተጋብዘን ውኃ ሲቀርብ እንኳ «እማዬ፣ አደራሽን እንዳትጀምሪ» ብለው በዓይናቸው ይለምኑኛል። አመል ይበሉት እንጂ አመል አይደለም፤ ንዴት ነው። ይኸው አርጅቼም አልበረደልኝም፣ እንዲበርድልኝም አልፈልግም። ዛሬ ከሥሩ ጀምሬ ልጻፈውና እናንተው ፍረዱ።

ጊዜው የጣሊያን ጊዜ ነው። ያኔ ሙሽርነቴ እንኳ በቅጡ አልወጣልኝም ነበር። ባሌን ጣሊያኖች ለጂማ መንገድ ሥራ ስለወሰዱት፣ ከቀራንዮ ዝቅ ብሎ ወንዙ ዳር ባለው ቤት የቀረነው እኔና አማቴ ብቻ ነበርን። አማቴ አባባ ወልዴ አገራቸው ከጎጀብ ማዶ ነው። በወጣትነታቸው ኮረሪማ እየጫኑ ሲመላለሱ አዲስ አበባን ወደዷትና እዚሁ ቀሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጨዋታ የማይጠግቡ ሰው ነበሩ። እኔን አንድም ቀን «ምራቴ» ብለውኝ አያውቁም፤ «ልጄ» ነበር የሚሉኝ። አባቴን በሕፃንነቴ ስላጣሁ ይህችን ቃል ደጋግመው እንዲሉኝ ሰበብ እየፈለግኩ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር።

አባባ ከአገራቸው ይዘውት የመጡት አንድ ነገር ነበር፤ ብርብራ። የማታውቁት ካላችሁ፣ የዛፍ ፍሬ ነው። ደርቆ ይወቀጥና ዱቄቱ ወንዝ ላይ ይበተናል። ዓሣው ይሰክርና ሆዱን ሰቅሎ ይንሳፈፋል፣ ሰው በእጁ ይለቅመዋል። ውኃው ብዙም ሳይቆይ ይጠራል፣ ዓሣውም ቢበላ ሰው አይጎዳም። አባባ በየዓመቱ በነቢያት ጾም መሃል አንድ ቀን ማንም ሳያያቸው ብርብራ ይበትናሉ። ጎረቤቱ ጠዋት ወንዝ ሲወርድ ዓሣው ተንሳፍፎ ያገኘዋል። «አባባ ወልዴ ዘንድሮም አልረሱን» ይባላል። እሳቸው ደግሞ ከደጃፋቸው ሆነው «እኔ? እኔ ምን አውቄ!» ይሉና ይስቃሉ። በቃ፣ የሰፈሩ ጨዋታ ይህ ነበር፤ እሳቸው ይክዳሉ፣ እኛ እንመርቃለን።

ከእኛ ቤት ወደ ላይ፣ ወንዙን ይዞ፣ የጣሊያን ጦር የበቅሎ ሰፈር ነበረ። የሰፈሩ አዛዥ የሆነው ካፒቴን በዚያ ዓመት ትልቅ የሲሚንቶ ጉድጓድ አስቆፍሮ መድኃኒት ሞላበት። በቅሎዎቹን መዥገር እንዳይፈጃቸው እየነዱ ያጠልቋቸው ነበር። እኛ «የበቅሎ ባኞ» እያልን ስቀንበታል። በቅሎዎቹ ታጥበው ሲያበቁ ውኃ ለመጠጣት ወደ ታች ይነዱና እኔ ልብስ ከማጥብበት ቦታ አጠገብ ይጠጣሉ።

በነቢያት ጾም አንድ ጠዋት ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ከወንዙ ስትጮኽ ሰማሁ። የደስታ ጩኸት ነው። «ኑ ውጡ! አባባ ወልዴ አብልተውናል!» ወጥቼ ሳይ ወንዙ በዓሣ ነጭ ሆኗል። ሴቱም ወንዱም በነጠላው፣ በቅርጫቱ፣ በባርኔጣው ሳይቀር ይለቅማል።

አባባ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። ቀልድ የሚወደው ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ልጄ፣ እኔ ዘንድሮ ገና አልበተንኩም» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ታዲያ ይንገሯቸዋ!»

ወደ ወንዙ ጠጋ አሉና «ሰዎች፣ እኔ አይደለሁም! አትብሉት! ይህን ዓሣ ምን እንደገደለው አላውቅም!» ብለው ጮኹ።

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እትዬ ብርቄ ሆዷን ይዛ «አባባ ደግሞ የዘንድሮው ክህደትዎ ባሰ!» አለቻቸው። አባባ ደጋግመው ማሉ፤ በማሉ ቁጥር ሳቁ እየጨመረ ሄደ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረው «ስንት ዓመት ሙሉ እኔ አይደለሁም እያልኩ ስበትን ኖሬ፣ ዛሬ ማን ይመነኝ» አሉ። እንዲህ ተስፋ ቆርጠው አይቻቸው አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ዓሣውን የበላ ሁሉ ሆዱን ይዞ ተኛ። ማስመለስ ነው፣ ቁርጠት ነው። ታች ውኃ የጠጡ በቅሎዎችም ይወድቁ ጀመር። ወዲያው ካራቢኜሪዎች፣ የጣሊያን ፖሊሶች፣ ከአስተርጓሚ ጋር ሰፈሩን ወረሩት። ደጅ ለደጅ እየዞሩ «ዓሣውን ማን ገደለው?» ይላሉ። እትዬ ብርቄ ከተኛችበት ቀና ብላ፣ ክፉ ሳታስብ፣ «አባባ ወልዴ ናቸው፤ በየዓመቱ ያበሉናል፣ እግዜር ይስጣቸው» አለች። ምርቃት መስሏት ነው። ቤታችን ተበረበረና ከምድጃው በላይ የተሰቀለው ቅል ወረደ። ብርብራው ጢም ብሎ እንደሞላ ነው። የሞላ ቅል ያልተነካ መሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቃል። ለእነሱ ግን መርዝ ተገኘ፣ አበቃ። አማቴን ዓይኔ እያየ የፊጥኝ አስረው ወሰዷቸው።

በማግስቱ ማለዳ ከበቅሎው ሰፈር በር ላይ ቆምኩ። አስተርጓሚው ተድላ የሚባል የመርካቶ ልጅ ነበር፣ ወጣ አለና ወደ ጥግ ሳበኝ።

«እህቴ፣ ካፒቴኑ ነገ ገበያ መሃል ይሰቀሉ ብሏል። ሐኪሙ ግን መጀመሪያ ውኃውን ልየው ብሎ ለምኖታል። የገደለው ብርብራ አይደለም ካለ ይተርፋሉ። የሽማግሌው ነፍስ አሁን በሐኪሙ አፍ ላይ ናት።»

ሐኪሙ መነጽር ያደረገ፣ ፊቱ ጠቃጠቆ የበዛበት ወጣት ነው። ሰዉ «ዶቶሬ» ይለዋል። ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ፈልጎ ኖሮ «የዱቄት ወንፊቴ አለ» ስል ሮጠሽ አምጪ አሉኝ። ስመለስ ነጭ ሳህን አሸክመውኝ ወደ ልብስ ማጠቢያው ወረድን።

ጫማውን አወለቀና ሱሪውን ሰብስቦ ወንዙ ውስጥ ገባ። ድንጋይ ይገለብጣል፣ ሥሩን በእጁ ያሻሻል፣ ታጥቦ የሚወርደውን ወንፊቱን ደቅኖ ይይዝና ሳህኑ ላይ ይገለብጠዋል። እኔ ሳህኑን ይዤ አጠገቡ ቆሜያለሁ። አጎንብሶ ያየዋል፣ በጣቱ ይነካካዋል። ሳህኑ ላይ ያሉት ደቃቅ ነፍሳት ሁሉ እግራቸውን ሰብስበው ሞተዋል። ትንሽ ወደ ላይ እንወጣለን፣ እዚያም ሙት ነው። ሌላ ድንጋይ፣ ሌላ ሙት። አንዲት ሸርጣን አገኘንና ልቤ ዘለለ፤ ሲያነሳት እግሯ ተንጠለጠለ።

እንዲህ እያልን ከበቅሎው ሰፈር ሥር ደረስን። ከአጥሩ ውስጥ የሚመጣ ቦይ እዚያ ወንዙን ይገናኛል። ሣሩ ተቃጥሏል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሐኪሙ ቦዩን አየ። ተሻግሮ ከቦዩ በላይ ካለው የመጀመሪያ ድንጋይ ሥር ወንፊቱን ደቀነ።

ሳህኑ ላይ ሲገለብጠው ጉድ አየሁ። ሁሉም ይንቀሳቀሳል! ባለ ሦስት ጭራ ሆነው የገብስ ፍሬ የሚያካክሉ ነፍሳት፣ ከአሸዋ ቤት ሠርተው ውስጡ የሚኖሩ ትሎች፣ አልቅት፣ ቀንድ አውጣ፣ የጥፍር ያህል ሸርጣን። ተመልሶ ከቦዩ በታች ሞከረ፤ ሙት። እንደገና ወደ ላይ፤ ሕይወት። ቦዩ ወንዙን እንደ ቢላ ለሁለት ከፍሎታል።

ሐኪሙ ፊቱ በርቶ ነበር። ያችን ባለ ሦስት ጭራ በጣቱ እያሳየኝ አወራ፣ ተድላም አስተረጎመልኝ፤ «ይህች ውኃ ትንሽ ከተበላሸ አትኖርም፤ ዓሣው ሳይሞት ቀድማ የምትሞተው እሷ ናት ይላል።» ከዚያ ከቦዩ በላይ ያገኘውን ሕያው በአንድ ጠርሙስ፣ ከቦዩ በታች ያገኘውን ሙት በሌላ ጠርሙስ አደረገ።

«ወንድሜ፣ አማቴን የሚፈቱልኝ መሆኑን ጠይቅልኝ» አልኩት ተድላን።

ጠየቀው። ሐኪሙ ወደ አጥሩ ቀና ብሎ አየና ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ እያለ ጠፋ። ጫማውን አጠለቀና ሽቅብ ወጣ፤ እኔም እርጥብ ቀሚሴን እየጎተትኩ ተከተልኩት።

ካፒቴኑ ከድንኳኑ ፊት ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀምጧል። አባባ ታስረው መሬት ላይ ናቸው። ሐኪሙ ሁለቱን ጠርሙሶች ጠረጴዛው ላይ አቆመና ለረጅም ጊዜ ተናገረ። ወደ ቦዩ አመለከተ፣ ወደ ባኞው አመለከተ። እኔ ቋንቋውን ባላውቅም ነገሩ ገብቶኛል፤ እግዚአብሔርን እያመሰገንኩ ነበር።

ካፒቴኑ ጠርሙሶቹን አያቸው። ባኞውን ያስቆፈረው እሱ ነው፤ በሱ መመጻደቅ ይወዳል። ከት ብሎ ሳቀና አንዲት አጭር ነገር ተናገረ። ተድላ በጆሮዬ ሹክ አለኝ፤ «ታዲያ ሽማግሌው መርዙን የበተነው ከቦያችን ሥር ቆሞ ነዋ፣ በእኛ እንዲሳበብ፤ ይህ ሊሆን አይችልም ወይ? እያለው ነው።»

ሁላችንም ሐኪሙን አየነው። መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ወለወለ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ አንድ ቃል አለ፤ «ፖሲቢሌ።» ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ደሜ ፈላ። «ዋሽቷል! አይቷል እኮ! አብሬው አይቻለሁ!» ብዬ ጮኽኩ። ተድላ እጄን ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። ሐኪሙ ወደ እኔ አልዞረም። እውነቱን የማያውቅ ሰው ቢሳሳት ምን ይደረጋል? ይህ ግን አንዲት ትል በመንቀሳቀሷ እንደ ልጅ ሲፈነድቅ የነበረ ሰው ነው።

ካፒቴኑ ምሕረት ያደረገ መስሎት ፍርዱን ተናገረ። ሽማግሌው አይሰቀልም። ንጹሕ ነኝ ካለ ግን በየማለዳው በቅሎዎቹ ከመጠጣታቸው በፊት እሱ ይጠጣ፤ ውኃው የተመረዘ ከሆነ በሱ ይታወቃል። አባባን ፈተውልኝ ወደ ቤት ስንመለስ ሐኪሙ በተድላ በኩል «ሕይወታቸውን አተረፍኩልሽ» ብሎ ላከብኝ። አስቡት፤ ምስጋና ይጠብቃል። ሰውን ያህል ነገር የበቅሎ ውኃ መቅመሻ ተደርጎ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማለዳ ማለዳ አባባ በነጠላቸው ተከናንበው ወደ ውኃ መጠጫው ይወርዳሉ። ወታደሩ ጣሳ ይሰጣቸዋል። ይጠጣሉ። ወታደሩ ሲጋራውን አጭሶ እስኪጨርስ ዓይን ዓይናቸውን ያያቸውና በቅሎዎቹን ይለቃል። ሐኪሙም አንዳንዴ ይመጣል፤ ምላሳቸውን ያያል፣ የዓይናቸውን ሥር ገልጦ ያያል፣ ጥፍራቸውን ያያል። ልክ ሳህን ላይ ያሉትን ነፍሳት እንዳያቸው ነበር የሚያያቸው።

እትዬ ብርቄ መጥታ እግራቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። «ተነሽ አንቺ፣ እኔ ነኝ ያስለመድኳችሁ» ብለው አነሷት። ከብት ለውኃ ይነዳል፤ ሰው ከከብት ቀድሞ ለሞት ሲነዳ ያየሁት ያኔ ነው።

እኔ ግን ሐኪሙ ያሳየኝን አልረሳሁም። በየቀኑ ከአባባ ቀድሜ እነሳና ወንፊቴን ይዤ ወንዝ እወርዳለሁ። ድንጋይ እገለብጣለሁ። በመጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቆየት ሲል ከላይ ውኃው እየገፋ ያመጣቸው ጥቂት ነፍሳት ድንጋዩ ሥር መግባት ጀመሩ። «አባባ፣ ዛሬ ሕይወት አለ» እላቸዋለሁ። «እንግዲያው እኔም አለሁ» ይሉኛል። አብረን ስቀን እንወርዳለን።

አንድ ማለዳ ወንዙ ገና ሳልደርስ ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ተቀበለኝ። ማታ ባኞውን ደፍተውታል። የመጀመሪያውን ድንጋይ ገለበጥኩ። ሙት። ሁለተኛውንም። እየሮጥኩ ወደ ቤት ተመለስኩ።

«አባባ፣ ዛሬ እንዳይጠጡ! ሁሉም ሞተዋል። ሄጄ ለተድላ ልንገረው!»

ነጠላቸውን እያጣፉ ነበር። ረጋ ብለው ጠየቁኝ፤ «ብትነግሪው ምን ይሉናል?»

እንዳይወጡ የነጠላቸውን ጫፍ ያዝኩ። እሳቸው ግን ቀጠሉ፤

«ማታ መጥታችሁ መረዛችሁት ይሉናል። እኔን ይሰቅላሉ፣ አንቺንም ይጨምራሉ። ባኞው እዚያው ነው። ነገም ይደፉታል፣ ብርቄም ልጆቿም ይጠጡታል።»

«ይደበቁ! ዛሬውኑ እንጥፋ!»

«ተሰማ ከመንገድ ሥራ ሲመለስ የት ያገኘናል?» ልጃቸው፣ ባሌ ማለታቸው ነው። እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። «ስሚኝ ልጄ። እኔ ዋሽቼም እውነት ተናግሬም አላመኑኝም። ሰው የመረዘውን ውኃ ራሱ አይጠጣም፤ ይህን ካፒቴኑም ያውቃል። እኔ ከጠጣሁ ደግሞ በቅሎዎቹም ይጠጣሉ። ለኛ ባይገዳቸው ለበቅሎዎቹ ይገዳቸዋል፤ ያኔ ባኞውን ይደፍኑታል።»

እግራቸው ሥር ወደቅኩ። ለመንኳቸው። ቀሚሴን ቀደድኩ፣ ፊቴን ነጨሁ። «ድምፅሽ እንዳይሰማ፤ የጀመርኩትን እንዳታበላሺብኝ» አሉኝና ወጡ። አፌን በነጠላዬ ጠቅጥቄ ተከተልኳቸው።

ወታደሩ ጣሳውን ሰጣቸው። ቀድተው ጭልጥ አደረጉት። ጺማቸውን ጠረጉና ሳይታዘዙ ደገሙት። ከዚያ ለወታደሩ ጣሳውን እየመለሱ «ብዎኖ!» አሉት፣ ፈገግ ብለው። ጥሩ ነው ማለት ነው። ወታደሩም ሳቀላቸው። ሲጋራውን እንኳ አልጨረሰም፤ በቅሎዎቹን ለቀቃቸው። ተጋፍተው ወንዙን ሞሉት።

እቤት እንደደረስን አልጋ ላይ ወደቁ። የሆዳቸውን ሕመም አልጽፈውም፤ ለሰው የሚወራ አይደለም። ወደ ማታ ሲል ተረጋጉና እጄን ይዘው «በቅሎዎቹስ?» አሉኝ። የእትዬ ብርቄ ባል ከውጭ ገብቶ «እየወደቁ ነው አባባ፣ ሰፈራቸው በወደቀ በቅሎ ተሞልቷል» አላቸው። ጨበጥ አደረጉኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፉ።

ቀሪውን ያወራኝ ተድላ ነው። ካፒቴኑ ከወደቁት በቅሎዎች መሃል እንደ እብድ ይዞራል። ሐኪሙን ጠራውና «ዛሬስ ምንድነው? አሁንም ሽማግሌው ነው?» አለው። ሐኪሙ ዙሪያውን አየ። ያ ሁሉ በቅሎ የንጉሣቸው ንብረት ነው፤ ተጠያቂ ይፈለግበታል። ያኔ አፉ ተፈታ። «ሽማግሌው ራሱ ጠጥቶ ሞቷል። ባኞው ነው» አለ። «እርግጠኛ ነህ?» ሲባል «ሲኩሮ» አለ። እርግጠኛ ነኝ ማለት ነው። ባኞው በዚያው ምሽት በድንጋይና በአፈር ተደፈነ።

አያችሁ? ለሰው ሲሆን «ሊሆን ይችላል»፣ ለበቅሎ ሲሆን «እርግጠኛ ነኝ»። ጠርሙሶቹ እኮ ያው ጠርሙሶች ናቸው።

በሣልስቱ ሐኪሙ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከተድላ ጋር ከደጃፌ ቆመ። ተነሥቼ ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

«ለበቅሎ የተናገርከውን ለሰው ለምን አልተናገርክም?» አልኩት።

ተድላ አስተረጎመለት። መልሱን ነገረኝ፤ «ያኔ ብነግራቸውም አይሰሙኝም ነበር ይላል።»

«አልሞከረም በለው።»

ተድላ ይህን ማስተርጎሙን አላውቅም። ሐኪሙ ግን የገባው መሰለኝ፤ አቀርቅሮ ሄደ፣ ዳግም አላየሁትም። ባሌ ተመልሶ የአባቱን መቃብር ባሳየሁት ቀን ያለቀስኩትን ያህል በሕይወቴ አላለቀስኩም።

ከዚያ ወዲህ እኔ ሌላ ሰው ነኝ። የጠራ ውኃ አያታልለኝም። ጉልበቴ እስኪከዳኝ ድረስ ወንፊቴን ይዤ እየወረድኩ ድንጋይ ስገለብጥ ኖሬያለሁ። የዚያ ወንዝ ነገር እንዲህ ነው፤ ድሮ ከቦዩ በታች ብቻ ነበር ሙት፣ አሁን ከላይም ያችን ባለ ሦስት ጭራ ፈልጌ ካጣኋት ሰነበተ። ጣሊያን ከሄደ ስንት ዘመኑ ነው፤ አሁን የሚደፉበት የራሳችን ሰዎች ናቸው። አንዳንዴ ንጹሕ ልብስ የለበሱ ልጆች በጠርሙስ ውኃ ቀድተው ሲሄዱ አያለሁ። ከልቤ ደስ ይለኛል። ጠጋ እልና «ልጆቼ፣ ምን አገኛችሁ?» እላቸዋለሁ። እርስ በርስ ይተያዩና «እማማ፣ ገና ይጠናል» ይሉኛል። ገና ይጠናል! ታች ሕፃናት ይዋኙበታል፣ ጎመን ይለማበታል።

አንባቢዎቼ፣ ከእናንተ መካከል ድንጋዩን ገልብጦ ሥሩን ያየ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ተማሩ፣ መርምሩ፣ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ ያቆማችሁ ቀን አለቃው ቢስቅባችሁም መነጽራችሁን አትወልውሉ። ያያችሁትን ያን ጊዜውኑ ተናገሩ። በማግስቱ ጣሳ የሚያነሣ ሰው አለ።